«አይ፣ ጌም ነው»፦ የኦንላይን ጌም ልምድን ለቀጣሪ እንዴት መንገር ይቻላል?

የአክስቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ስምንት ወር ሥራ ፈለገች። ከቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናል አትነቀልም ነበር፤ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ባየች ቁጥር ሲቪዋን ትልካለች። ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ሁለቱም ቦታ የተሰናከለችው በአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «ከሰዎች ጋር ስትሠሪ ችግር ገጥሞሽ የፈታሽበትን አጋጣሚ ንገሪን።» የመመረቂያ ጽሑፏን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር እንዴት እንደሠራች ተናገረች። ከሷ በፊት የገባውም፣ ከሷ በኋላ የገባውም ያንኑ ስለሚናገር ጠያቂዎቹ ብዕራቸውን አላነሱም።

አንድ ቅዳሜ ማታ እነሱ ቤት ቡና እየተፈላ፣ ጓዳው በር ላይ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ካልተመቸህ ችግር የለውም፤ ግን ቀድመህ ካልነገርከኝ ተጠባባቂ ማዘጋጀት አልችልም። ሦስት ሰው ነው ቁጭ ብሎ አንተን የሚጠብቀው።» ድምፅዋ አይቆጣም፣ አይለማመጥም። ሥራ ጀምራ ሳትነግረን የቀረች መስሎኝ «የት ገባሽ?» አልኳት። «አይ፣ ጌም ነው» አለችና ስልኩን ከኋላዋ ደበቀችው።

እኔ በመሥሪያ ቤቴ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ከአንድ አዲስ ተመራቂ አፍ ለመስማት ስንት ሰው ጠርተን ስንት ሰው እንደምንሸኝ አውቃለሁ። ልጅቷ ለሁለት ዓመት የፐብጂ ሞባይል ቡድን ስትመራ ኖራ ለአንድም ቀጣሪ ትንፍሽ አላለችም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ምሽት ጀምሮ ለሁለት ሳምንት በደብተር ላይ አብረን የሠራነውን ነው። አንተም «ልምድ የለኝም» እያልክ አንገትህን ደፍተህ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይዘህ ሞክረው።

መጀመሪያ፦ ውስጡ ሥራ ነበረበት ወይ?

ብዕርና ወረቀት ይዘህ አንድ ጥያቄ መልስ፦ ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ከጌሙ ብትጠፋ ምን ይቆማል?

መልስህ «ምንም» ከሆነ ጌሙ መዝናኛህ ነው። ደስ ይበልህ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አታንሣው። ስንት ሰው እንደጣልክ፣ ስንተኛ ደረጃ እንደደረስክ፣ ስንት ሌሊት እንዳነጋህ ለቀጣሪ የሚነግረው ነገር የለም። ከፍ ያለ ደረጃ ትዕግሥትንና ልምምድን ያሳያል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ጠያቂው ያን ደረጃ በምን ሚዛን ይለካዋል? አንተ ኮንከረር ስትለው እሱ ዘንድ ቃል ብቻ ነው።

መልስህ «የልምምድ ሰዓት የሚያስታውቅ አይኖርም፤ አዲስ የገቡትን የሚያሳያቸው ይጠፋል፤ መዋጮውን የሚይዝ ሰው የለም፤ እነእገሌ ተጣልተው ይቀራሉ» ከሆነ ግን ቁጭ በል፣ የምንነጋገረው አለን። እነዚህ ሁሉ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሥራዎች ናቸው።

ብዙ ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊያወራ የሚፈልገው ስለ ውጊያው ነው፤ ክብደት ያለው ነገር ግን የሚገኘው ከውጊያው ጀርባ ነው። ሲሲፒ የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢቭ ኦንላይን የሚባል የጠፈር ጌም አለ። በጃንዋሪ 2014 በዚህ ጌም ውስጥ ከ7,500 በላይ ተጫዋቾች የተሳተፉበት፣ 21 ሰዓት የፈጀ ጦርነት ተደረገ፤ የወደሙት መርከቦች በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመኑ 300,000 ዶላር ገደማ ተባለ። መነሻው ምን መሰለህ? አንዱ ወገን ይዞት ለነበረው የጠፈር ክልል በወቅቱ መከፈል የነበረበት ሂሳብ ሳይከፈል ቀረ፣ ክልሉ ባለቤት አልባ ሆነ፣ ተቃራኒው ወገን ዘሎ ገባ። በቡድንህ ውስጥ ሂሳቡን የምትከፍለው፣ ቀኑን የምታስታውሰው፣ ስም የምትመዘግበው አንተ ከነበርክ፣ ከሁሉ በላይ የሚነገር ነገር ያለህ አንተ ነህ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጠህ ሠርተህ የምታውቅ ከሆነ እሱን «የጌም ልምድ» ብለህ አታሳንሰው። በጨዋታ እያስከፈልክ ማታ ሒሳብ አስረክበሃል፤ የተበላሸ ጆይስቲክ ፈተህ ጠግነሃል፤ መብራት ሲሄድ በግማሽ የተቋረጠው ጨዋታ ይከፈልበት አይከፈልበት ብለው የሚጣሉትን ገላግለሃል። ይህ የሱቅ ሥራ ነው። ሲቪህ ላይ በሥራ ልምድ ሥር፣ ከወሩና ከዓመቱ ጋር ጻፈው።

ቀጥሎ፦ ማስረጃውን ቆፍር

ልጅቷን «ምን ምን ሠርተሻል?» ስላት «ያው አስተባብራለሁ» አለችኝ። ማስተባበር የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የቡድኑን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ወደ ኋላ እየሳብን ማንበብ ጀመርን። አንተም ይህን አድርግ፤ የረሳኸው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል።

በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ከልምምድ ተደጋግመው ሲቀሩ አየን። ዱባይ ያደጉ ልጆች ናቸው። ማስታወቂያዋ «ዛሬ 3 ሰዓት እንገናኝ» ይላል። አዲስ አበባና ሐዋሳ ያሉት ማታ በ3 ሰዓት ይገባሉ፤ ወንድማማቾቹ ግን በፈረንጅ ሰዓት አንብበውት ከቀትር በኋላ ገብተው ሰው አጥተው ይወጣሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሰነፎች ናቸው ብላ ልታስወጣቸው ተዘጋጅታ ነበር። ከማስወጣቷ በፊት ግን ለአንደኛው ለብቻው ጻፈችለት፤ ነገሩም ያኔ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሉት ማስታወቂያዎች ሁሉ መልካቸው ተለውጧል፦ «ማታ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ 10 ሰዓት ምሽት በዱባይ፣ 2 ሰዓት ከቀትር በኋላ በዋሽንግተን»። አሜሪካ በማርችና በኖቬምበር ሰዓቷን ስትቀይር የዋሽንግተኑ ቁጥር አብሮ ይቀየራል።

እሷ ይህን ረስታዋለች። «ይኼም ይወራል እንዴ?» አለችኝ። የምታመለክተው በፈረቃ ለሚሠራ የደንበኞች አገልግሎት ቦታ ነው!

ከግሩፑ ሌሎችም ነገሮች አገኘን። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ጨዋታው እንዳይፈርስ ለእያንዳንዱ የአራት ሰው ቡድን አምስተኛ ተጠባባቂ መድባለች። አንድ ውድድር ላይ ትንሽ የሽልማት ገንዘብ ሲያገኙ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያልተጫወተው ተጠባባቂ ይካፈል አይካፈል በሚል ተጣልተዋል፤ ከዚያ በኋላ ድርሻው ከውድድሩ በፊት ተጽፎ፣ ሁሉም «ተስማምቻለሁ» ብሎ፣ ገንዘቡ በቴሌብር ሲላክ ደረሰኙ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። እነዚህን በደብተሩ ላይ በየተራ ጻፍናቸው፤ ምን ተበላሸ፣ እሷ ምን አደረገች፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ።

ቁጥር ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ግሩፑ ውስጥ 60 ስም ስላለ «60 ሰው እመራለሁ» ልትል ነበር። ቆጠርናቸው። የሚጫወቱት 40 ናቸው፤ በየሳምንቱ የማይቀሩት 25። «ሁሉም ይመጣሉ?» የምትል አንዲት ጥያቄ 60ውን ስታፈርሰው ሌላው የተናገርከው እውነት አብሮ ይፈርሳል። 40 በል፣ 25ቱ መደበኛ ናቸው በል። ትክክለኛ ቁጥር የሚናገር ሰው ቆጥሮ እንደሚያውቅ ይታያል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፦ አነጋገሩን መለወጥ

ደብተሩን ዘግተን እንደ ጠያቂ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መልሷ እንዲህ ነበር፦

«የክላን ሊደር ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ስክሪም እናደርጋለን፤ ሁለት ስኳድ አለን፤ እኔ አይጂኤል ነኝ፤ ባለፈው ሲዝን ኮንከረር ገብቻለሁ።»

አክስቴ ስኒ እያጠበች ትሰማለች። «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ነው ፈተናው። ጌም ተጫውቶ የማያውቅ፣ ግን በሥራና በኑሮ የበሰለ አንድ ሰው ፊት ተናገረው። እሱ ከገባው የኮሚቴው አባላትም ይገባቸዋል። የኮሚቴ አባል ብዙውን ጊዜ የአክስትህ እኩያ ነው።

ከአራት ወይም አምስት ሙከራ በኋላ የወጣው መልስ ይኸውና፦

«ለሁለት ዓመት 40 አባላት ያሉበትን የኦንላይን ጌም ቡድን አስተባብሬአለሁ። አባላቱ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማገናኘት አስቸጋሪ ነበር። ሁለት ልጆች እየደጋገሙ ሲቀሩብኝ ላስወጣቸው ነበር። ስጠይቃቸው ግን ማስታወቂያዬን በፈረንጅ ሰዓት አንብበውት ነው የቀሩት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ የየከተማውን ሰዓት ለይቼ እጽፋለሁ፤ ከመለጠፌ በፊትም አንድ ሰው እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። ልጆቹ እስካሁን አሉ። ዛሬ አዲስ የሚገቡትን የሚያለማምደው አንደኛው ነው።»

በሰዓት ስንለካው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ጌም የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ገብቷል፤ እሱም ያለ ማፈርና ያለ መኩራራት። ችግሩ አለ፣ እሷ ያደረገችው አለ፣ የተለወጠው አለ። ከሁሉ የወደድኩት «ጥፋቱ የኔ ነበር» ያለችውን ነው። በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ከዚያ ምን እንዳደረገ የሚናገር ሰው ሲገኝ የሁላችንም ጆሮ ይቆማል።

አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ስትሠሪ ነው እኔ ስልክ ላይ ተጣድሽ የምልሽ?» አለቻት። ልጅቷ እንባዋ መጣ፤ እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለቤተሰብ ለማስረዳት «እንደ እድር በለው» ብንባባል ያስኬዳል፤ ስም መጥራት፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ማስታረቅ ሁሉም አለበት። ኮሚቴ ፊት ግን ይህን ንጽጽር አትጠቀምበት። እድር ሰው የሚቀበርበት፣ ሐዘንተኛ የሚደገፍበት ነው፤ ከጌም ጋር አንድ ላይ ሲነሳ የሚከፋው ሰው ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ብዙ የግል ድርጅቶች ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ያደርጋሉ። ይህንኑ መልስ በሁለቱም ቋንቋ ድምፅህን አውጥተህ ተለማመድ። በአማርኛ ያማረ ታሪክ በእንግሊዝኛ መሃል ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

ከማን ፊት እንደምትቀመጥ እወቅ

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለውን ትልቁን አደጋ ማንም አይነግርህም፤ እኔ ልንገርህ። በአገራችን «ኦንላይን ጌም እጫወታለሁ» ስትል ብዙ ሰው የሚሰማው «ቁማር እጫወታለሁ» ተብሎ ነው። ውርርድ ቤት በየሰፈሩ ተከፍቷል፤ እንደ አቪዬተር ያሉት የስልክ ውርርዶች ደመወዝ እንዴት እንደሚበሉ ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጠያቂህ በዚህ የተጎዳ ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ይኖረው ይሆናል። በተለይ ባንክ፣ ማይክሮ ፋይናንስ፣ ካሸር፣ መጋዘን፣ በጠቅላላው ገንዘብና ንብረት የሚያዝበት ቦታ ስታመለክት ይህ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም፤ ጠያቂውም ስለሚያፍር አይጠይቅህም፤ ነጥብህን ቀንሶ ያልፋል። ስለዚህ ገና ስትጀምር ቁርጥ አድርገህ ተናገር፦ «ውርርድ የሌለበት፣ እንደ ስፖርት በቡድን የሚካሄድ ውድድር ነው።» ይህችን አረፍተ ነገር ሳትል ወደ ታሪክህ አትግባ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ጥያቄዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁ፣ ነጥባቸውም የተመደበ ይሆናል፤ ከጥያቄው ወጥተህ የምትናገረው ነጥብ አያስገኝልህም። ስለ ቡድን ሥራ ከተጠየቅክ ብቻ፣ ያውም ከጌም የተሻለ ሌላ ታሪክ ከሌለህ፣ ተናገረው። የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃድ፣ የሰፈር ስፖርት ቡድን ውስጥ ያስተባበርከው ነገር ካለ እሱን አስቀድም። ይህን የምለው ጌሙን ንቄው አይደለም፤ ጠያቂው በቶሎ የሚረዳልህን ማስቀደም ስላለብህ ነው።

የጥሪ ማዕከል፣ የሎጂስቲክስ ማስተባበር፣ የአይቲ ድጋፍ፣ ከርቀት የሚሠራ ሥራ፣ እዚህ ላይ በሩ ሰፊ ነው። ከማታያቸው ሰዎች ጋር በድምፅና በጽሑፍ ብቻ መሥራት ራሱ ሥራው ስለሆነ። ኩኩሉ የተባለውን ጌም እንደሠራው እንደ ቅኔ ጌምስ ያለ ጌም ሠሪ ድርጅት ካመለከትክ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ሁሉም ይጫወታል፤ የሚጠየቀው የምትጫወተው ጌም የቱ ጋ እንደሚያሰለችና አንተ ብትሆን ምን እንደምትለውጥ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ታሪክ ይጠቅማችኋል። በኤፕሪል 2006 ዋየርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጆን ሲሊ ብራውንና ዳግላስ ቶማስ ስለ ስቴፈን ጊሌት ጽፈው ነበር። ጊሌት ያሁ ኩባንያ ውስጥ ለከፍተኛ የምህንድስና አመራር ቦታ ሲመረጥ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጌም ውስጥ ትልቅ ቡድን መምራቱ እንደጠቀመው አስረድተዋል። ጊዜው የዚያ ጌም ትልልቅ ዘመቻዎች 40 ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠይቁበት ነበር፤ ሰው መመልመል፣ ማሠልጠን፣ የተገኘውን ማከፋፈል፣ ኩርፊያ ማብረድ ሁሉ በመሪው ላይ ነው። ሰውየው በ2008 የስታርባክስ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆነ። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ብዙዎች አንድ ነገር ይዘላሉ፦ ጊሌት ከጌሙ በፊት የቴክኒክ ሙያና ልምድ ነበረው። ጌሙ የገባው ያን ሙያ ተደግፎ ነው። አንተም ዲግሪህን፣ ሥልጠናህን፣ ሥራ ላይ የተለማመድክበትን ወር መጀመሪያ አስቀምጥ፤ ጌሙን ከላዩ ጨምርበት።

መቼ ይነገር?

«ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉህ አይደለም። እዚያ ላይ ትምህርትህንና የመጣህበትን ሥራ ተናገር። ቦታው «አጋጣሚ ንገረን»፣ «አለመግባባት እንዴት ትፈታለህ?»፣ «ጫና ውስጥ ሠርተህ ታውቃለህ?» የሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። «በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?» ከተባለም ይሆናል፤ ግን «ጌም እጫወታለሁ» ብለህ አታቁም፤ ታሪኩን አስከትለው። አንድ ታሪክ ይበቃል። ሁለተኛ ሲጨመር ሰውየው ከጌም ሌላ ሕይወት የለውም ወይ ያሰኛል።

ሲቪ ላይ ከሆነ ከመጨረሻው ክፍል፣ «ሌሎች ተግባራት» በሚለው ሥር አንዲት መስመር፦ «በአራት ከተሞች የሚገኙ 40 አባላት ያሉበት የኦንላይን ውድድር ቡድን አስተባባሪ፣ ሁለት ዓመት»። የጌም ስምህን አትጻፍ።

ለሚከተሉት ጥያቄዎች ተዘጋጅ

«በቀን ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?» ይህ መምጣቱ አይቀርም። እውነቱን ተናገር፤ ስልክህ የሰዓቱን ቁጥር መዝግቦታል፣ ከመሄድህ በፊት እየው። የአክስቴ ልጅ «በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፤ ሥራ ከያዝኩ ፈረቃዬ ያልነካው ቀን ላይ አደርገዋለሁ፤ ቡድኑን የሚመራ ምክትልም አለኝ» አለች። ምክትል ያለው ሰው ጌሙን ትቶ ሥራ እንደሚመጣ ጠያቂው ይገባዋል።

ያየኸው ቁጥር ራስህን ካስደነገጠህ ግን ቃለ መጠይቁን ለጊዜው ተወው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ የጌም ሱሰኝነትን አስገብቷል። ምልክቶቹ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያደረሰ እያዩት መቀጠል ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለ12 ወር ያህል የታየ መሆን አለበት። ይህ አንተን የሚገልጽ ከሆነ ሐኪም ወይም የምትተማመንበት ሰው አነጋግር። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ግን በልምድነት የሚቀርብ ነገርም አይደለም።

«ይኼ የልጆች ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል ቢያጋጥምህ አትከራከር፣ ስለ ጌም ኢንዱስትሪ ትልቅነትም አታስተምር። «እርስዎ እንዳሉት ጨዋታ ነው፤ እኔ የተማርኩት ግን ሰው ማስተባበሩን ነው» በልና ወደ ታሪክህ ተመለስ። ፊታቸው ካልተፈታ ርዕሱን ዝጋው።

«ተሳዳቢ ደንበኛ ቢገጥምሽ?» ይህን ጥያቄ ሴት ተጫዋቾች ከማንም በላይ ሊመልሱት ይችላሉ። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማይኳን ዘግታ በጽሑፍ ብቻ ነበር የምትጫወተው፤ የሴት ድምፅ ሲሰሙ የሚወርደውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ቡድኑን ስትይዝ ያወጣችው ደንብ አጭር ነው፦ አንድ ማስጠንቀቂያ በግል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስንብት፣ ማንም ይሁን ማን። ጎበዝ የሚባሉ ሁለት ልጆችን በዚህ አሰናብታለች። ስድቡን ሳትመልስ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። እህቴ ሆይ፣ ይህ ያሳለፍሽው ነገር ካለ ስድቡን አትዘርዝሪላቸው፤ ደንቡንና ያደረግሽውን ንገሪያቸው።

የማይነሱ ነገሮችም አሉ። አካውንት መሸጥ፣ ማጭበርበሪያ ፕሮግራም መጠቀም፣ በመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ሌሊት መጫወት። የተማርክበት እንኳ ቢሆን ለቀጣሪ የሚነግረው ስለ ታማኝነትህ ነው።

ከመሄድህ በፊት ስምህን ፈልግ

በ2012 እ.ኤ.አ. ኮሊን ላኮዊትዝ የተባሉ ሴት ለአሜሪካ ሜይን ግዛት ሴኔት ሲወዳደሩ ተቃራኒው ፓርቲ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እንደሚጫወቱ አወጣባቸው። መጫወታቸውን ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ስለ ጌሙ ሲያወሩ በኢንተርኔት የጻፏቸው ቀልዶችና አስተያየቶች ተለቅመው ቀረቡባቸው። እሳቸው ምርጫውን አሸንፈዋል። አንተ ግን ከጠያቂህ ጋር የምርጫ ዘመቻ ያህል ጊዜ የለህም። ቡድንህን ካነሳህ ግሩፑ ሊታይ እንደሚችል አስብ። የድሮ ስድብ፣ የብሔር ቀልድ፣ የሚያሳፍር የመጠሪያ ስም ካለ አጥፋ፤ በፎቶህና በስልክ ቁጥርህ የተያያዘውን ሁሉ ተመልከት። ግሩፑ የሌሎችም ስለሆነ የማንንም ስምና መልእክት አውጥተህ ለጠያቂ አታሳይ። «ማየት እንችላለን?» ካሉ የራስህን ማስታወቂያ ብቻ አሳይ።

የተናገርከውም በሥራ ላይ ይታያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሰዓት አክባሪ ነኝ፣ ሰው ሲቀር አስቀድሜ እዘጋጃለሁ ብለህ ከገባህ እነዚያ 60 ቀናት ያንኑ ይፈልጉብሃል። ስለዚህ ለመናገር የመረጥከው ታሪክ ደግመህ ልታደርገው የምትችለው ይሁን።

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ «ሌሊት ፈረቃ ላይ ሰው ቢቀር ምን ታደርጊያለሽ?» ተባለች፤ የተጠባባቂውን አሠራር ነገረቻቸው። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ ብዕሯን አንስታ ስትጽፍ እንዳየች ማታ ደውላ ነገረችኝ። ሥራውን በጀመረች በሁለተኛ ሳምንቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የፈረቃ ሠንጠረዥ «6 ሰዓት» ብቻ ይል ነበር፤ አንድ አዲስ ልጅ እኩለ ቀን መምጣት ሲገባው እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ቀረ። አለቃዋን አስፈቅዳ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት «ከቀኑ»፣ «ከሌሊቱ» እያለች በእስክሪብቶ ጻፈችበት።